ማስተካከያ፦ የአፈወርቅ ተክሌ 1954 የእኛ 1954 አይደለም

ሰሞኑን ሐዋሳ ላይ በሥዕል ወዳጆች መካከል ከእጅ እጅ የዞረች የአንድ ገጽ ጽሑፍ አለች። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የሥዕል ሕይወት ታስቃኛለች። ደግ ሥራ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይታረም።

የመጀመሪያ ዐውደ ርእያቸው "በ1954" ነው ትላለች፣ እንዲሁ በደፈናው። ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው። በእኛ ሲታሰብ 1946 ወይም 1947 ላይ ይወድቃል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ቅደም ተከተሉን ያመሰቃቅለዋል። ትልቁ ሥራቸው የሚገኝበት፣ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነዋ! ገጿን ያነበበ ሰው መጀመሪያ የአዳራሹን ሥራ ሠርተው ኋላ ላይ ሥዕል ማሳየት የጀመሩ ቢመስለው አይፈረድበትም። እውነቱ ግልባጩ ነው። ከእንግሊዝ ተመልሰው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥዕሎቻቸውን አሳዩ። ቀጥሎ አውሮፓን እየዞሩ የባለቀለም መስታወት ጥበብን አጠኑ። የአዳራሹ ሥራ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላው፣ ያንን የአዳራሹን ሥራ "የግድግዳ ሥዕል" ትለዋለች። አይደለም። መስኮት ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት። ሦስት ክፍል አለው፦ ያለፈው መከራ፣ የዛሬው ትግል፣ የነገው ተስፋ። በተስፋው ክፍል ችቦ የያዙ ሰዎች ይታያሉ። ብርሃኑ ከውጭ ስለሚገባ ቀለሙ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም። በስልክ ፎቶ ብቻ ላየው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ግድግዳ ሊመስል ይችላል።

ማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ሄደው ሠዓሊ ሆነው መመለሳቸው በትክክል ተጽፏል። ገጿን ለሌላ የምታስተላልፉ ከ1954 ጎን "እ.ኤ.አ." ጨምሩበት።