የአሸዋው ጉድጓድ ለጅማ ልጆችም ይቆፈር

መስከረም 2018 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች ርዝመት ዝላይን ያሸነፈው የ20 ዓመቱ ጣሊያናዊ ማቲያ ፉርላኒ ነው። የዘለለው 8 ሜትር ከ39 ሳንቲም ነው። ጃማይካዊው ታጄይ ጌይል በ8.34 ሁለተኛ፣ ቻይናዊው ሺ ዩሃዎ በ8.33 ሦስተኛ ወጡ። በወርቁና በነሐሱ መካከል የነበረው ልዩነት 6 ሳንቲም ብቻ ነው።

ጅማ ውስጥ ይህን ፍጻሜ ያየ ሰው ብጠይቅ ብዙም አላገኘሁም። አጂፕም ሂዱ መርካቶ፣ ቡና ላይ የተወራው ስለ 10 ሺህ ሜትርና ስለ ማራቶን ነው። አይፈረድብንም። ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ያደግነው በሩጫ ነው። በኦሊምፒክ ያገኘናቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ ከ800 ሜትር ጀምሮ ባሉት ርቀቶች የመጡ ናቸው። ግን ያው ቶኪዮ አንድም ወርቅ አልሰጠንም። የወንዶቹን 10 ሺህ ሜትር ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር ወሰደው፣ የኛው ዮሚፍ ቀጀልቻ ሁለተኛ ሆነ። የኛ ነው ብለን የያዝነውን ርቀት ሌሎች ተምረው መጡበት። እኛ ግን የነሱን ለመማር እስካሁን ከመቀመጫችን አልተነሳንም።

ሩጫው ይቅር እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው፦ ጅማ የዝላይ ከተማ መሆን ትችላለች፣ ለመጀመርም የሚያስፈልጋት ነገር እጇ ላይ አለ።

መጀመሪያ ስለ ውድድሩ ራሱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም። ቴሌቪዥኑ ሩጫውን ሲያሳየን ቆይቶ በመሀል አንድ ዝላይ ብልጭ አድርጎ ይመለሳል። እንዲህ ታይቶ ጣዕሙ አይገባም። ለፍጻሜ 12 ሰው ያልፋል። ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ይዘላል፣ ከዚያ የተሻሉት እስከ ሦስት ተጨማሪ ዕድል ያገኛሉ። ከመነሻው ጣውላ ጫፍ ለጥቂት ያለፈ እግር ፋውል ነው፣ ዝላዩ ዘጠኝ ሜትር ቢሆንም አይቆጠርም። ስለዚህ ስድስተኛው ዝላይ እስኪያልቅ ማንም አሸነፍኩ አይልም። ግሪካዊው ሚልቲያዲስ ቴንቶግሉ እ.ኤ.አ. በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክን ያሸነፈው በመጨረሻው ዝላዩ ነው። በ2022 የዩጂን የዓለም ሻምፒዮና ቻይናዊው ዋንግ ጂያናን እሱኑ በመጨረሻው ዝላይ ቀማው። በ2023 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ ቴንቶግሉ በመጨረሻው ዝላይ 8.52 ዘሎ የጃማይካውን ዌይን ፒኖክን በ2 ሳንቲም ቀደመው። ሦስት ተከታታይ ታላላቅ ውድድሮች፣ ሦስቱም በመጨረሻው ዕድል! ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ውድድር ካለ ንገሩኝ።

እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የዓለም ሻምፒዮናም አለ። ያኔም ቶኪዮ ነበር። ካርል ሉዊስ ከዚያ በፊት በርዝመት ዝላይ 65 ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፏል። በዚያች ምሽት ብቻ አራት ጊዜ ከ8.80 በላይ ዘለለ፣ አንዱ 8.91 ነበር፣ እሱም ከሚፈቀደው በላይ በሆነ ነፋስ ታግዞ። ማይክ ፓወል ግን በአምስተኛው ዝላዩ 8.95 ላይ አረፈ። ከ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጀምሮ የቆየው የቦብ ቢመን 8.90 ተሰበረ። የፓወል ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።

አሁን ወደ ጅማ። ቴንቶግሉን ሳስብ የኛ ሰፈር ልጆች ይታዩኛል። ሰውየው ያደገው ግሬቬና በምትባል የሰሜን ግሪክ ትንሽ ተራራማ ከተማ ነው። እስከ 15 ዓመቱ ድረስ ከጓደኞቹ ጋር ግንብና አጥር እየዘለለ ነበር የሚውለው። አንድ አሰልጣኝ አይቶት ወደ አሸዋው ወሰደው። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ በተከታታይ አገኘ፣ ከካርል ሉዊስ በቀር በዚህ ውድድር ይህን ያደረገ የለም።

እዚህ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች እዩ። የጅማ ዝናብ መቼም የታወቀ ነው። ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል። ድልድዩ ጋ ለመድረስ መዞር የሰለቸው ልጅ ደብተሩን ከሸሚዙ ስር ይወሽቃል፣ ጫማውን ለጓደኛው ይወረውራል። ሰባት ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ይንደረደራል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከመዝለሉ በፊት ያለውን አንድ እርምጃ ረዘም፣ የመጨረሻውን አጠር ያደርጋል። ይህን ማንም አላስተማረውም። አሰልጣኞች ለታላላቅ ዘላዮች ዓመታት ፈጅተው የሚያስተካክሉት ነገር ይኸው ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባስ ምን ያገኛል? ባየኋቸው ግቢዎች ዘላዩ የሚያርፍበት የአሸዋ ጉድጓድ አንድ ጥግ ላይ ሣር በቅሎበታል። ያልበቀለበት ደግሞ አሸዋው ጠጥሮ ወለል ሆኗል። ሰውነት ማጎልመሻ ላይ ተራ በተራ አንዴ ይዘላሉ፣ ለነጥብ። ተረከዙ ጠጣር መሬት ላይ ያረፈ ልጅ ሁለተኛ መሞከር አይፈልግም። መምህሩን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይመስለኝም። ስድሳ ተማሪና አንድ ኳስ ይዞ ምን ያድርግ?

ሌላው ነገር አየሩ ነው። ደጋችን ለረጅም ርቀት ሯጭ ሳንባ ያወጣል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይኸው ስስ አየር ለዘላይም ይጠቅማል፣ ሲንደረደርና በአየር ላይ ሲሆን ወደ ኋላ የሚይዘው ግፊት ይቀንሳልና። ቢመን 8.90 የዘለለባት ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያልፋል። የሶቪየቱ ሮበርት ኤሚያን በ1987 እስከ ዛሬ የአውሮፓ ክብረ ወሰን የሆነውን 8.86 የዘለለው አርመን ውስጥ ተራራ ላይ ባለችው ጻክካድዞር ነው። የአፍሪካን ክብረ ወሰን 8.65 የያዘው ደቡብ አፍሪካዊው ሉቮ ማንዮንጋም ይህን ያደረገው ከ1,300 ሜትር በላይ በምትገኘው ፖቸፍስትሩም ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ሌላው ዓለም ለዝላይ ፍለጋ የሚወጣበት ከፍታ ላይ ተኝተን እናድራለን።

«እኛ ለዝላይ አልተፈጠርንም» የሚለው ወሬ ያናድደኛል። የተፈጠረና ያልተፈጠረ የሚለየው ሲሞከር ነው። ማንዮንጋ በ2017 ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጋናዊው ኢግኒሺየስ ጋይሳ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። አፍሪካዊ አይችልም የሚል ካለ መልሱ ይኸው። ኢትዮጵያዊ አይችልም የሚለው ደግሞ መጀመሪያ ስንት ኢትዮጵያዊ ልጅ በደንብ በተገለበጠ አሸዋ ላይ እንደዘለለ ይንገረኝ።

የሚከብደኝ ክርክር የገንዘቡ ነው፣ እሱን አላልፈውም። ሯጭ የጎዳና ላይ ውድድር አለው፣ ከአገር አገር ሄዶ ቤተሰብ የሚያኖርበት ሽልማት ያገኛል። ዘላይ ይህ የለውም። ወላጅ «ልጄ ሩጥ» ቢል እውነቱን ነው። ሆኖም የዓለም ሻምፒዮና ለወርቅ የሚከፍለው ለማራቶኑም ለርዝመት ዝላዩም እኩል ነው፣ 70,000 ዶላር። ደግሞስ አስር ልጅ ሲዘል አስሩም ቶኪዮ ይደርሳሉ ማለት አይደለም። ፍጥነትና ጉልበት ያገኘ ልጅ ለኳሱም ለአጭር ርቀቱም ይሆናል። ቦዩን ከመዝለል በቀር ሌላ ዕድል የሌለው ልጅ ግን የትም አይደርስም።

ወጪው ምን ያህል ነው? ጉድጓዱ ሦስት ሜትር ስፋት፣ ዘጠኝ ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። 13 ሜትር ኩብ ተኩል አሸዋ ይወስዳል። አንድ ሲኖትራክ ጭነት ይሞላዋል፣ ይተርፋልም። ለመንደርደሪያው 40 ሜትር የተስተካከለ መሬት፣ ለመነሻው 20 ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ። ዶማና ሜትር ይጨመር። በዚህች ከተማ በየቀኑ ስንት ፎቅ ይቆማል፣ ስንት ሲኖትራክ አሸዋ ያራግፋል! አንድ ባለ ሕንፃ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት አንድ ጭነት ቢሰጥ ቤቱ አይጎድልበትም።

ማስተማሩም ቢሆን ይቻላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ያስተምራል። ተማሪዎቹ በሳምንት አንድ ከሰዓት ወደ ትምህርት ቤቶቹ ቢወጡ ለነሱም ልምምድ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው። ልጁ ጣውላው ላይ ቆሞ ወደ ኋላ፣ ወደ መንደርደሪያው አቅጣጫ በሙሉ ፍጥነት ይሩጥ። ጓደኛው አስራ ሁለተኛው እርምጃ ያረፈበት ላይ ድንጋይ ያስቀምጥ። ከዚያ ከድንጋዩ ተነስቶ ወደ ጣውላው ይምጣ። እግሩ ካለፈ ድንጋዩን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ፣ ካልደረሰ ማቅረብ። ሁለት ሳምንት እንዲህ የሠራ ልጅ ጣውላውን ሳያይ ይረግጠዋል። ከመዝለሉ በፊት ሁልጊዜ አሸዋው ይገላበጥ፣ ይህ ከሁሉም በላይ መረሳት የለበትም።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ዝላይ በሜትር ይለካ፣ ስሙና ዕድሜው ከውጤቱ ጋር በመዝገብ ይጻፍ፣ የጻፉትም ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። አሁን ማን አንደኛ እንደወጣ ይታወሳል፣ ስንት ሜትር እንደዘለለ ግን የሚያውቅ የለም። አምስት ሜትር ከሰማንያ የዘለለ የ15 ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ ካለ አሰልጣኝ ከአዲስ አበባም ይመጣለታል።