«በዚያው ይቀጥል»

የአባቴ የደም ግፊት ክትትል ካርድ እጄ ላይ ነው። 158/94። 162/96። 156/92። 164/98። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ከ150 የወረደበት ቀን የለም፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የተጻፈው ግን አንድ ነው፦ «በዚያው ይቀጥል»። ቀጠሮ አሳልፈው አያውቁም። መድኃኒቱን የማቀርብላቸው እኔ ስለነበርኩ አለማቋረጣቸውንም አውቃለሁ። ስትሮክ የመታቸው ያቺኑ አንዲት ኪኒን በዋጡበት ቀን ነው።

ግፊቱ አልወርድ ያለ ታካሚ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» የሚል ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ስለማይሰማ «ተሻለኝ» ብሎ የሚተው አለ፤ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት ቁርጭምጭሚቱን ሲያሳብጠው ወይም ሌላው፣ ኢናላፕሪል፣ ደረቅ ሳል ሲያመጣበት፣ ሊቀየርለት ሲችል፣ ሳይናገር የሚያቆምም አለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ታካሚው «አዎ፣ እወስዳለሁ» ካለ በኋላ የሚሆነው ነው። ምንም አይሆንም። ያው መድኃኒት በዚያው መጠን ይታዘዝና ቀጠሮ ይሰጣል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው አኃዝ መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች 1.28 ቢሊዮኑ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። ሕክምና ላይ የነበሩት 42 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ግን 21 በመቶ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው ግልጽ ነው፦ መድኃኒት ከሚወስዱት ግማሽ ያህሉ እየታከሙም ለአደጋው እንደተጋለጡ ናቸው።

ዋናው ምክንያት፣ በእኔ እምነት፣ አንድ መድኃኒት ላይ ተቸንክሮ መቅረት ነው። ግፊት በአንድ መንገድ ብቻ አይወጣም፤ የደም ሥር ይጠብባል፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ሆርሞኖችም ይጨምራሉ። አንዱ ሲዘጋ ሰውነት በሌላው ያካክሳል። ለዚህ ነው አብዛኛው ታካሚ ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚያስፈልገው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 42 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው ከሌላ ዓይነት ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር የመጀመሪያውን መጠን እጥፍ ከማድረግ አምስት ጊዜ ያህል የበለጠ ግፊት ይቀንሳል። ሁለቱ በአንድ ኪኒን ተዋህደው የተሠሩትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ታዲያ ለምን አይቀየርም? አንደኛው ሰበብ ቁጥሩን አለማመን ነው። «ዛሬ ደክሞዎት ነው»፣ «ተጨንቀው ነው» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ስምንት ጊዜ በተከታታይ? ታካሚው ገና እንደተቀመጠ፣ እያወራ፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ አያስተማምንም። አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ክንዱ በልብ ትክክል አርፎ፣ ዝም ብሎ ሁለቴ ይለካ። ቤት ውስጥም ይለካ። ከዚያ በኋላ ሰበብ የለም።

ሌላው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው። አባቴ ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስዱ ነበር። ይህም ሆነ ሌላው ማስታገሻ አይቡፕሮፊን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ እያደረጉ ግፊት ይጨምራሉ፣ የግፊት መድኃኒቱንም ያዳክማሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሐኪሞች ግድ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ደጃፍ ላይ ወረፋው እየጠበቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት መቀየር ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መቅረት የለበትም። በአሜሪካ ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ካይዘር ፐርማነንቴ በተባለው የጤና ተቋም፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ከግፊት ታካሚዎቹ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው 44 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. 80 በመቶ ደረሱ። የታካሚዎች መዝገብ ያዙ፣ ሁሉም የሚከተለው አንድ መመሪያ አወጡ፣ በረዳቶች የሚከናወን የልኬት ቀጠሮ ከፈቱ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን መስጠት ጀመሩ። ከዚህ ውስጥ አዲስ ግኝት የሚባል የለም።

የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። የላይኛው ቁጥር ከ140 በላይ በሆነበት ካርድ ላይ «በዚያው ይቀጥል» የሚጽፍ ሰው ምክንያቱንም አብሮ ይጻፍ። ግፊቱ እስኪረጋ ቀጠሮው በየወሩ ይሁን፤ ሦስት ወር ለተረጋጋ ሰው ነው። ታካሚውም ከክፍሉ ሳይወጣ «የእኔ ግፊት ስንት መድረስ አለበት? ዛሬስ ምን ይቀየራል?» ብሎ ይጠይቅ።

አባቴ አሁን ሁለቱን መድኃኒት በአንድ ኪኒን ይወስዳሉ። የመጨረሻው ልኬታቸው 126/78 ነው። ካርዱን የምይዝላቸው እኔ ነኝ፤ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም።