ልጄ ሚዳቋ ነው የምትባለው፤ አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል

ዛሬ ብቻ አራተኛ ሰው ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ ስመጣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ልጄን አየት አድርጋ "ውይ ስታምር! ማን ትባላለች?" አለችኝ።

"ሚዳቋ።"

ዝም። ትንሽ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "እሱ የቤት ስሟ ነው አይደል? ዋናው ስሟስ?"

ዋናው! ረዳቱ ደግሞ ሰምቶ ኖሮ ሒሳብ ሲሰበስብ "ሚዳቋዋም ትክፈል እንጂ" አለና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። አልዋሽም፣ እኔም ስቄያለሁ። ከወረድኩ በኋላ ነው ንድድ ያለኝ። እስከ ቤት ድረስ ብቻዬን ሳወራ ነው የሄድኩት፤ እዚህ የምጽፈውም ባሌ "አሁንስ በቃሽ፣ ተይኝ" ስላለኝ ነው።

ክትባት የወሰድኳት ቀን የባሰ ነበር። 14 ሳምንቷ ነው፣ ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል፣ ክፍሉ በእናቶች ጢም ብሏል። ካርድ የምትጠራዋ ልጅ ካርዱን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፣ ወደ ብርሃን አዞረችው። "ሚዳ... ሚዳ... ቋ? ይሄንን ማነው የጻፈው?" ከወዲያ "ኪኪኪ"፣ ከወዲህ "ኪኪኪ"። ተነሳሁ። ልጅ ታቅፌ፣ ቦርሳ አንጠልጥዬ፣ ዳይፐር በብብቴ ይዤ፣ የሰርከስ ትርኢት መስዬ በመሀላቸው አለፍኩ። ከእኛ ቀጥላ የተጠራችው ሕፃን ማን ብትባል ጥሩ ነው? ዲቦራ። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዷ "ስም እንዲህ ነው እንጂ" አለች።

እሺ፣ እንግዲህ እንነጋገር። ዲቦራ ማለት በዕብራይስጥ ንብ ማለት ነው። ንብ! የምትናደፈዋ። ራሔል ማለት እንስት በግ ናት። የሙሴ ሚስት ሲፓራ ወፍ ናት። ሰሞኑን ሰው ሁሉ የወደደው ያኤል የተራራ ፍየል ነው፣ የኛ የዋልያ የአክስት ልጅ በሉት። ጣቢታማ ጭራሽ የኔዋ ዘመድ ናት፤ በአራማይክ ጣቢታ፣ በግሪክ ዶርቃ፣ ሁለቱም የሜዳ ፍየል ማለት ናቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ኢዮጴ ለምትኖረው ለዚያች ደግ ሴት ሁለቱም ስሞች ተጽፈዋል፣ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ስለዚህ ችግሩ እንስሳው አይደለም። ችግሩ ስንሰማው መግባቱ ነው። በዕብራይስጥ በግ ብትባል "መንፈሳዊ ስም"፣ በአማርኛ ሚዳቋ ስትባል "ምነው ስም ጠፋ?"

አራስ ቤት ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ ይዞ የሚመጣውን የስም ዝርዝር ብታዩ። ስልኩን ያወጣል፣ ያነባል። "ይሄ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፣ ይሄኛውም የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ በግሪክ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው።" ሀብተ ሥላሴ፣ ሀብተ ወልድ ብለን በራሳችን አፍ ስንጠራበት የኖርነውን አሮጌ ነው ብለን ጣልነው፣ ከዚያ ያው ነገር በሰው ቋንቋ ሲመጣ ተሻማን።

ደግሞ ወንድ ቢሆንስ? ወንድማ አንበሴ ይባላል፣ ነብሮ ይባላል፣ ጎሹ ይባላል። የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦር ሲመሩ "ደጃዝማች፣ ስምዎ የዱር ከብት ነው እኮ" ያላቸው ያለ አይመስለኝም። ሴት ስትሆን ወይ ጌጥ ነን ወይ ፍራፍሬ። ወርቅነሽ፣ አልማዝ፣ ሉል፤ ካልሆነም ብርቱካን፣ ሎሚ። ብርቱካን ተብላ የምትጠራ አክስት አለችኝ፣ በ60 ዓመቷ ጭማቂ ይውጣሽ ያላት ሰው የለም! ከተማው ራሱ ሙሉ እንስሳ ነው። ሆስፒታሉ ጥቁር አንበሳ፣ አውቶቡሱ አንበሳ፣ ለገሃር ሐውልቱ የይሁዳ አንበሳ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ዋልያዎቹ፣ ቢራውም ዋልያ። ቢራ ስትሆን ያላሳቀች ፍየል ሕፃን ላይ ስትደርስ ነው የምታስቀው?

ለምን ሚዳቋ አልኳት ለሚለኝ፣ ምክንያቴ አያቴ ናት። ትንሽ እያለሁ እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ኋላ፣ ከጎተራው ሥር፣ ከአያቴ ቀሚስ ውስጥ ነበር የምገባው። ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው። "ነይ ውጪ፣ ሚዳቋዬ፣ አይበሉሽም" ትለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ስለ እንስሳዋ ሳነብ ለካ አያቴ ቀልዷን አልነበረም። ሚዳቋ ግማሽ ሜትር ገደማ ቁመት ያላት፣ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን የምትሄድ ትንሽ ፍጡር ናት። ስትደነግጥ ትሮጥና ቁጥቋጦ ውስጥ ጥልቅ። ፈረንጆቹ ዳይከር የሚሏትም ለዚህ ነው፣ ከደች ቋንቋ የመጣ ነው፣ ጠላቂ ማለት ነው። ከምትበላው ቅጠል እርጥበት እየወሰደች ውሃ ሳትጠጣ ብዙ ትቆያለች። ባሌ ተራሮች የሄደ ሰው አይቷት ይሆናል፤ ካላየ ግን እሷ አይታዋለች። የኔዋም ገና ካሁኑ ሰው ሲያናግራት ፊቷን አንገቴ ሥር ትቀብርና በአንድ ዓይኗ ታያለች። እና ማን ልበላት? ኤልዳና?

አማቴ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፣ ስለዚህ የቤተሰቡ ስብሰባም 80 ቀን ሙሉ ቀጠለ። "ልጄ፣ የአውሬ ስም አታውጪብን" ይሉኛል፤ "ኧረ እማማ፣ ሚዳቋ አውሬ አይደለችም፣ ቅጠል በል ናት" እላለሁ፤ "ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሽም?" ይላሉ። ያልሳቁት የነፍስ አባታችን ብቻ ናቸው። "መኃልየ መኃልይ ላይ 'በሚዳቋና በምድረ በዳ ዋላ አምላችኋለሁ' ይላል፣ ምን ነውር አለው?" ብለው ወለተ ማርያም ብለው አጠመቋትና ሄዱ። አማቴ አሁን የሚጠሯት በክርስትና ስሟ ነው። በአደባባይ!

ከ80 ቀን ስንነሳ ለምዝገባ የቀረን 10 ቀን ነበር፣ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው መመዝገብ ያለበት። ወረዳ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ነገም እፈልጋቸዋለሁ። ሲስተም የለም፤ ሲስተም መጣ፤ ሰውዬው ምሳ ወጣ። በመጨረሻ ደረሰኝ። "የሕፃኗ ስም?" "ሚዳቋ።" ቀና ብሎ አየኝ። "የጫወታ አይደለም አይደል? በኋላ ስም ማስቀየር ፍርድ ቤት ነው።" "የጫወታ አይደለም።" ከጎኑ ያለችውን ጠርቶ አሳያት፣ አብረው ሳቁ። ከዚያ እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ "በኪው ነው በኬ? ደብሊው አለው? ምነው ቀለል ያለ ነገር ብትመርጪ" አለኝ። ደጋግሜ ፊደል አስቆጠርኩት። "የአባት ስም?" "ዮናስ።" ጻፈ። "የአያት?" "ጎሹ።" ጻፈ። ምንም አላለም!

ዮናስ ማለት በዕብራይስጥ ርግብ ነው ወንድሜ። ሚዳቋ፣ ርግብ፣ ጎሽ። ሙሉ ብሔራዊ ፓርክ በአንድ መስመር ጽፈህ የሳቅከው በመጀመሪያዋ ብቻ ነው። አማቴም እኮ 40 ዓመት ሙሉ "ጎሼ" እያሉ ነው ነፍሳቸውን ይማርና ከባላቸው ጋር የኖሩት።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ዛሬ ከታክሲው ወርጄ የልደት ሰርተፍኬቱን ስለተቀበልኩ ነው። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ እንግሊዝኛው በኪው ትክክል ነው። አማርኛው ላይ ግን "ሚዳቃ ዮናስ ጎሹ" ይላል።

ነገ ጠዋት 2:30 ላይ ወረዳ ነኝ። ቀድሞ የሚሄድ ካለ ሰልፍ ይያዝልኝ።