ማሲንቆው ሲቀዳ «ተቀበል» የሚለው ማን ነው?

ባለፈው ወር ስቱዲዮ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ዘፋኟ ያለችው ቨርጂኒያ ነው። ድምጿን ቤቷ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ነው የቀዳችው። አትሳቁ፤ ኮትና ብርድ ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን እኔ ከማውቃቸው ብዙ ስቱዲዮዎች የተሻለ ድምፅ ይይዛል። ፋይሉን በቴሌግራም ላከችልኝ። እኔም ማሲንቆ የሚጫወቱልኝን ጋሼን ጠራኋቸው። የዘፈኑ መግቢያ ምት የለውም፣ የሷ ድምፅና ማሲንቆ ብቻ ነው። ጋሼ አዳመጡ፣ ጭራውን ከድምጿ ጋር አስማሙ፣ ተጫወቱ፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ማታ መልእክት መጣ። «ወንድሜ፣ ማሲንቆው ከድምፄ ጋር ይጣላል። ምን አድርጋችሁት ነው?»

ጥፋቱ የኔ ነበር። እሷ የቀዳችው በ44.1 ኪሎኸርዝ ነው (ኮምፒውተሩ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል ማለት ነው)፣ እኔ የከፈትኩት ፕሮጀክት ደግሞ 48 ነው። ሳልቀይረው ጎትቼ አስገባሁት። እንዲህ ሲሆን ድምፁ ይፈጥናል፣ የአንድ ቶን ሦስት አራተኛ ያህልም ወደ ላይ ይወጣል። ምት የሌለው መግቢያ ስለሆነ መፍጠኑ አልታወቀኝም። ጋሼ ግን ገና ሲሰሙ «ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ? ድምጿ ቀጥኗል» ብለው ነበር። «ማይኩ ነው ጋሼ» ብዬ አለፍኩት። ማይኩ አልነበረም።

ይህን የማወራው ስለ ኪሎኸርዝ ለማስተማር አይደለም። እሷ በዚያ ሰዓት መስመር ላይ ሆና ብትሰማ ኖሮ ነገሩ በአምስት ሰከንድ ያልቅ ነበር። «ኧረ ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም!» ትል ነበር፣ በቃ። ግን አልነበረችም። አሁን አሁን አዲስ አበባና ውጭ አገር ተካፍለን የምንሠራው ሙዚቃ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቅንብሩ አንድ አገር፣ ድምፁ ሌላ አገር፣ ማሲንቆና ዋሽንቱ ሌላ ቀን። ፋይል እንላላካለን እንጂ አንሰማማም።

ይህን ሳነሳ ጓደኞቼ የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፦ «ኢንተርኔቱ ይሻሻል እንጂ አብረን ላይቭ እንጫወት ነበር።» አይሆንም ጎበዝ። ኢንተርኔቱ ቢሻሻልም አይሆንም።

ለምን? ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። አዝማሪ ቤት ከባለማሲንቆው አንድ ሜትር ርቃ የቆመች ዘፋኝ ማሲንቆውን የምትሰማው 3 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ትልቅ መድረክ ላይ አሥር ሜትር ብትርቅ 30 ሊሞላ ይቃረባል፣ ሙዚቀኞች እየተደማመጡ ምት መያዝ የሚቸግራቸውም እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ነው። አሁን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን እንሂድ። በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢወጠር እንኳን ለመሄድ ብቻ 57 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ አላለም። ባሕር ስለሌለን መጀመሪያ ጎረቤት አገር መውረድ አለበት፣ በጅቡቲ ከወጣ ቀይ ባሕርን ሽቅብ፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ አውሮፓ፣ ከዚያ ደግሞ አትላንቲክ ይጠብቀዋል። እኔ በለካሁባቸው ቀናት ሁሉ ደርሶ መልሱ ከ200 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ አያውቅም። በደቂቃ 120 በሚመታ ችክችካ የአንዱ ምት ሲሶ 167 ሚሊሰከንድ ነው። እሷ ጋ ትከሻ ሲወርድ እኔ ጋ ገና እየወጣ ነው።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጃክትሪፕ አለ፣ በነፃ የሚገኘው ጃሙለስም አለ። ሁለቱም ጎበዝ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ መስመሩ ደህና ከሆነ ቦሌ ያለ ኪቦርዲስትና ሳሪስ ያለ ቤዚስት አብረው ሊለማመዱባቸው ይችላሉ። ብርሃንን ግን አያፈጥኑም።

እና ተስፋ እንቁረጥ? የለም። አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። እንግዳው «ተቀበል» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ሁለቱ በአንድ ምት ላይ እኩል አይጮሁም፤ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። መሃል ላይ ሩብ ሰከንድ ብትዘገይ ማን ያውቃል? ኢንተርኔቱ የሚችለው ይህንን ነው። ጋሼ የሚጫወቱት እኔ ኮምፒውተር ላይ ካለው ድምጿ ጋር ነው፣ እዚያ መዘግየት የለም። እሷ ደግሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲወጡ ሩብ ሰከንድ ዘግይታ ቨርጂኒያ ትሰማለች። ሲጨርሱ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይተዉኝ፣ እኔ ስጨርስ ይግቡ» ትላለች። ይኸው ነው። አብሮ መጫወት አልተቻለም፣ አብሮ መሥራት ግን ይቻላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፍራንክ ሲናትራ በ1993 እ.ኤ.አ. «ዱየትስ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ እሱ የራሱን ዘፍኖ ከጨረሰ በኋላ ነው ሌሎቹ የገቡት፤ አንዳንዶቹም ከሌላ ከተማ በዲጂታል የስልክ መስመር ተቀድተዋል። ያኔም ፊት ለፊት አልተያዩም። ነገር ግን ድምፁ በመስመሩ ሲመጣ እዚያ ማዶ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነበረ። እኛ ተራርቆ መቅዳቱን ወስደን ሰሚውን ተውነው።

«በዙም ሞከርነው፣ አልሆነም» የሚሉ አሉ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ዙም የተሠራው ለንግግር ነው፤ ከሰው ድምፅ ውጭ ያለውን ነገር ጫጫታ ነው ብሎ ሊያፍን ይሞክራል። የማሲንቆን ረጅም ድምፅ ደግሞ ልክ እንደ ቬንትሌተር ነው የሚቆጥረው። ጋሼ ደጋኑን ሲስቡ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰከንድ ትሰማለች፣ ከዚያ ዝም። ልጅቷ «ተቋረጠ?» ትለናለች፣ ጋሼ ይጫወታሉ። እርግጥ «ኦሪጂናል ሳውንድ» የሚል ማስተካከያ አለው፣ እሱን ስታበሩት ይሻላል። እኔ ግን ሶኖባስ ወደሚባለው፣ ድምፅን ሳያፍን በኢንተርኔት ወደሚያስተላልፈው ፕሮግራም ዞሬያለሁ። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል። ነፃ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙባቸው እንደ ሶርስ ኮኔክት ያሉት በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፣ እዚህ ሆኖ በየወሩ ዶላር በካርድ መክፈል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ዳታ ይበላል ለምትሉ ደግሞ ሒሳቡ ይኸው። አንድ ትራክ (ለብቻው የተቀዳ የአንድ መሣሪያ ወይም የአንድ ሰው ድምፅ) በሞኖ፣ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ሲቀዳ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን ሠላሳ ትራክ ቢኖረው አንድ ጊጋባይት አለፈ ማለት ነው። በጥሩ ጥራት፣ በሰከንድ 256 ኪሎቢት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ማዳመጥ ግን 115 ሜጋባይት ብቻ ነው። ተሳስቶ የተቀዳን ማሲንቆ እንደገና ቀድቶ ከመላክ ይህ ይረክሳል።

መስመሩ ጭራሽ ሲጠፋስ? እሱን አልክድም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ አምስት ወር ያህል ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፈት ሲል ፋይል በፍላሽ፣ በመንገደኛ ሻንጣ የላክንበት ጊዜ ነበር። መብራቱም አለ። ስለዚህ ሁሌም እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው የምቀዳው፤ መስመሩ ለጆሮ ብቻ ነው። ቢቆረጥ የተቀዳው አይጠፋም፣ ደውዬ እቀጥላለሁ።

ዋናው ችግር ይህ ሁሉ አይመስለኝም። ዋናው ችግር ባለማሲንቆውን እንደ ቅመም መቁጠራችን ነው። ጠርተን «እዚህች ጋ ትንሽ ነስንስልን» እንለዋለን። ግጥሙን ሙሉውን አናሰማውም። ዘፋኟን አያውቃትም። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ስሙን የሚጽፍለትም ስንቱ ነው? ከዚያ በኋላ «የድሮው ማሲንቆ ለምን ይናገር ነበር፣ የዛሬው ለምን ዝም አለ» ብለን እንገረማለን። ማን አናገረውና?

ጋሼን ድጋሚ ጠራኋቸው፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ሰዓቱ እዚህ ከምሽቱ ሦስት ነው፣ እሷ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ እረፍት ላይ ሆና መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ» አለቻቸው። «አሃ! ድምፅሽ ዳነ ማለት ነው!» አሉ። ሳቀች። ሁለት ጊዜ ተጫወቱ። በሦስተኛው ላይ «ጋሼ፣ ‹እናቴን› የምለው ጋ ማሲንቆው ቀድሞኝ አለቀሰ፣ እኔ ላልቅስ መጀመሪያ» አለቻቸው። ዝም ብለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ስፒከሩ አዙረው፣ ልክ እሷ እዚያ የተቀመጠች ይመስል፣ እንደገና ጀመሩ። በጠበቋት ቦታ ጠበቋት።

ስንጨርስ ደጋኑን ጨርቅ ውስጥ እየጠቀለሉ «እሷ እንዲህ የምትመጣ ከሆነ ሂሳቡን ቀንስላት» አሉኝ። አልቀነስኩም።