ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ትምህርት የሌለው ሜዳ

በምዕራብ ኬንያ ኢተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስምጥ ሸለቆን ቁልቁል እያየች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አትሌቲክስ የሚከታተል ሰው ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። ከመላው ዓለም ሯጮች ለልምምድ የሚጎርፉት ወደዚያ ነው። ብዙ ሰው ምስጢሩን ከአየሩና ከከፍታው ይፈልገዋል። ከፍታውማ አዲስ አበባም አለ። እኔን የሚገርመኝ እዚያች ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው።

ቅዱስ ፓትሪክ ይባላል። የወንዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ያቋቋሙት ከአየርላንድ የመጡ የፓትሪሺያን ወንድሞች ማኅበር አባላት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ካህናት አይደሉም፣ ቅዳሴ አይቀድሱም። ስእለት ገብተው፣ ትዳርና ሀብት ትተው ዕድሜያቸውን ለማስተማር የሰጡ መነኮሳት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ከእነሱ አንዱ፣ ወንድም ኮልም ኦኮኔል፣ ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ኢተን ደረሱ። ስለ ሩጫ ሥልጠና የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ሯጮች ያሠለጥን የነበረው ፒተር ፎስተር የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ወንድሙ ብሬንዳን ፎስተር በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘ ሯጭ ነበር። ፒተር ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራው ለጂኦግራፊ መምህሩ ተረፈ። እሳቸውም ልጆቹን እያዩ፣ እየጠየቁ ተማሩት። ለጥቂት ጊዜ ብለው የመጡት ሰው በዚያው አሥርተ ዓመታት ኖሩ።

ከዚያ ግቢ ማን ወጣ? ኢብራሂም ሁሴን ወጣ። በ1987 የኒውዮርክ ማራቶንን፣ በ1988 ደግሞ የቦስተንን ሲያሸንፍ በሁለቱም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። ፒተር ሮኖ ወጣ። በ1988 ሴኡል ላይ በ1,500 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ማቲው ቢሪር በ1992 ባርሴሎና ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል አሸነፈ። ዊልሰን ኪፕኬተር ለዴንማርክ ሮጦ በ800 ሜትር ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከትምህርት ቤቱ ለታላቅ ድል የበቁ ልጆች በግቢው ውስጥ በየስማቸው ዛፍ ተክለዋል።

ዴቪድ ሩዲሻ የተማረው እዚያው ኢተን ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ ያሠለጠኑት ግን እኚሁ መነኩሴ ናቸው። ሲመጣ ዓይኑ በ400 ሜትርና አሥር የአትሌቲክስ ውድድሮችን አንድ ላይ በሚይዘው በዴካትሎን ላይ ነበር። 800 ሜትር ይሻልሃል ያሉት እሳቸው ናቸው። የለንደኑን የ2012 ፍጻሜ የምናስታውስ እናስታውሰዋለን። ሩዲሻ በ1፡40.91 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የእኛው መሐመድ አማን፣ ያኔ ገና የ18 ዓመት ልጅ፣ በ1፡43.20 የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ስድስተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ራሱ መሐመድ ነው። ያ ውድድር በልቤ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለሜዳሊያ ቆጠራ አይደለም። ሜዳሊያማ እኛም ሞልቶናል። የማነሳው እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ የሚጸልይበት፣ የሚማርበትና የሚሮጥበት ቦታ አንድ ስለሆነ ነው። ጠዋት ትራክ ላይ የሚያየው ሰው ትንሽ ቆይቶ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ልጁ ፈተና ከወደቀ አሠልጣኙ ያውቃል። እግሩን ካመመው መምህሩ ያውቃል። ቤተሰቡ ከተቸገረም እንደዚሁ። ወንድም ኮልም በትዕግሥታቸው ይታወቃሉ። ታዳጊን አያጣድፉም። መጀመሪያ አሯሯጡን ያስተካክላሉ፣ ቀለል ባለ ሩጫ ያቆዩታል፣ ሲበስል ይለቁታል። እንዲህ መታገሥ የሚችለው ልጁን ከነድካሙ ለዓመታት የሚያውቅ ሰው ነው። ለሚቀጥለው ወር ውድድር ብቻ የሚፈልገው ሰው አይታገሠውም።

ፒተር ሮኖን እንደገና ላንሳው። ወርቁን ሲያገኝ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ማውንት ሴንት ሜሪስ የሚባል የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ደብተር ይዞ ክፍል ሲገባ አስቡት። እኛ ጋ ይህ ለምን እንግዳ ነገር ሆነ?

መልሱን ስፈልግ ሁለት ቦታ እሄዳለሁ።

አንደኛው አዲስ አበባ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ብዙዎቹ ለመኖሪያ ወይም ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ተከራይተው የሚሠሩ ናቸው። ግቢው ኮንክሪት ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ እርስ በርስ ሳይጋጩ መሮጥ አይችሉም። «እንዳትሮጥ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከሀ ሁ ቀድሞ የሚሰማበት ግቢ ሆኗል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ በወረቀት አለ። ሚኒስትሪ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ግን መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው። በቦታው ማጠናከሪያ ይገባል። ወላጅም ደስ ይለዋል፤ አልፈርድበትም። በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ ማን ይወቅሰዋል? ግን እስቲ እንጠይቅ። እነዚያ ልጆች የወደቁት ኳስ ስለተጫወቱ ነው? መጽሐፍ ያልደረሰው፣ የሒሳብ መምህር ያላገኘ፣ ሰላም ያጣ አካባቢ የተማረ ልጅ ብዙ ነው። በሳምንት አንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብንነጥቀው ከእነዚህ አንዱም አይፈታም። የምንነጥቀው ቀን ሙሉ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ተንፍሶ የሚመለስበትን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ቦታ አርሲ ነው፣ ሰላሌም ነው። እዚያ ልጁ ሜዳ ሞልቶታል። ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ ሰው «ትሮጣለህ» ይለዋል። ደብተሩን አስቀምጦ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ከጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል። ከመቶዎቹ ጥቂቶቹ ክለብ ይገባሉ፣ ከጥቂቶቹም ጥቂቶች ውጭ ይወጣሉ። የቀረው በ22 ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ትምህርቱም ተቋርጦ ይቀራል። የተሳካለትም ቢሆን ገና በልጅነቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ቀርቦለት ይፈርማል። ምን እንደፈረመ የሚያስረዳው ሰው ካስፈረመው ሰው ጋር የሚሠራ ነው።

ከተሜውን ልጅ አእምሮ ብቻ አድርገነዋል፣ የገጠሩን ልጅ እግር ብቻ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ደግሞም ያናድደኛል።

ሌላ መንገድ እንዳለን እናውቃለን። በቆጂ ላይ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን የጀመሩት የአንደኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ነው። ኢተን ላይ የጂኦግራፊ መምህር፣ በቆጂ ላይ የስፖርት መምህር። የሁለቱ አገሮች የሩጫ ታሪክ ከመምህር እጅ የወጣ ታሪክ ነው። እኛ ግን የስፖርት መምህርን ዛሬም ፊሽካ የያዘ ትርፍ ሰው አድርገን እናየዋለን።

እምነት የቱ ጋ ነው የሚገባው የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት አለበት ይላል። ስለዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን በክፍል ውስጥ አይሰብኩም። ካቶሊኩ ከሕዝቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ልጆቹ በብዛት ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ናቸው። ወላጆቻቸው ለምዝገባ የሚሰለፉት ሃይማኖት ሊያስቀይሩ አይደለም። ሲስተሮቹ ጋ ሥርዓት አለ፣ ወንድሞቹ ጋ ቁም ነገር አለ ብለው ነው። እንግዲህ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች እምነት በቃል ሳይሆን በአያያዝ ነው የሚታየው። ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጁን በስሙ በምትጠራ ሲስተር ይታያል። ከሁሉም በላይ ግን ሜዳ ላይ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ክፍል ውስጥ ጨዋ መምሰል ይቻላል። በ89ኛው ደቂቃ አንድ ለዜሮ እየተመራህ ኳሷ በእጅህ ተነክታ ዳኛው ካላየ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ይታወቃል። ያን ጊዜ አጠገብህ የቆመው መምህር «ንገረው» ካለህ፣ የትኛውም ስብከት ያንን አይተካም።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላክል፤ ብዙ ሰው ስለማያነሳው ነው። በ2017 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን አብረው ዋሉ። አንድ የስፖርት መምህር ያኔ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ከተማሪዎቹ ግማሹ ቁርስ አልበላም። ሌላው ውሃም አልቀመሰም። ጥቂቱ ደግሞ በልቶ መጥቷል፤ ይህንንም ለመናገር ያፍራል። ደንታ የሌለው መምህር ሁሉንም አምስት ዙር ያስሮጣል፣ ወይም «በሉ ክፍል ግቡ» ብሎ ይገላገላል። የሚያስብ መምህር ግን ጥላ ይፈልጋል። የዚያን ቀን ትምህርት ማፍታታት፣ የኳስ አያያዝ፣ የጨዋታ ሕግ ያደርገዋል። ማን እንደጾመ በሰው ፊት አይጠይቅም። ልጆቹ ይህን ያያሉ። አንዱ የሌላውን ጾም ማክበር የሚማረው ከግብረ ገብ መጽሐፍ ይልቅ እዚህ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር፣ የኦርቶዶክሱን ጾም አክብሮ ለሙስሊሙ ልጅ ጥላ ሲፈልግ፣ እኔ ይህን እምነት ነው የምለው።

ኢተንን ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። ከተማዋ ገንዘብ ሲበዛባት ችግሩም በዝቷል። የአበረታች መድኃኒት ቅሌት ኬንያን ደጋግሞ አሳፍሯል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ደግሞ አግነስ ቲሮፕ የተባለች ድንቅ ሯጭ እዚያው ኢተን በቤቷ ተገድላ ተገኘች። አንድ ወር ቀደም ብላ በሴቶች ብቻ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። ዕድሜዋ 25 ነበር። ከእሷ ሞት በኋላ ጓደኞቿ አትሌቶች ተሰባስበው ሯጭ ሴቶች ስለሚደርስባቸው ጥቃት በግልጽ መናገር ጀመሩ። ገንዘባቸውን ሌላ ሰው ስለሚይዝባቸው፣ ገና በልጅነታቸው ስለሚከቧቸው ወንዶች ተናገሩ። ይህ የኬንያ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፍጥነት ብቻውን ልጅቷን አይጠብቃትም። የባንክ ሒሳቧን ራሷ ማንበብ የምትችል፣ «አይሆንም» ማለትን ትምህርት ቤት የለመደች፣ ችግር ሲገጥማት የምትደውልላት መምህርት ያለቻት ልጅ የተሻለ ዕድል አላት። ለዚህ ነው ትምህርቱን ከሜዳው አትለዩት የምለው።

አሁን ወደ ራሳችን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ልምጣ። አንጋፋዎቹ ዛሬ በከተማው ብርቅ የሆነ ሰፋ ያለ ግቢ ከአባቶቻቸው ተረክበዋል። አደራ እላለሁ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ተጨማሪ ሕንፃ አትሥሩበት። የተማሪ ቁጥር መጨመር እንደሚያጓጓ ይገባኛል፤ ጠያቂው ብዙ ነው። ሜዳ አንዴ ከሄደ ግን በዚህ ከተማ የመሬት ዋጋ አይመለስም።

ሁለተኛው ልመናዬ ከዚህ ይከብዳል። ሜዳውን ቅዳሜ ለሰፈር ልጆች ክፈቱላቸው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዶን ቦስኮ በ19ኛው መቶ ዘመን ቱሪን ውስጥ የጎዳና ልጆችን ሲሰበስቡ ጨዋታውን፣ ጸሎቱንና ትምህርቱን አልነጣጠሉትም። እሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር አባላት፣ የሳሌዝያን መነኮሳት፣ ልጆችን የሚያንጹበትን መንገድ ሲገልጹ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና የመጫወቻ ሜዳ ብለው አራቱን አብረው ይጠራሉ። ይህንኑ ይዘው መቀሌ፣ ዝዋይና ዲላ ገብተዋል። እዚያ ሜዳው ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ሃይማኖት የማይጠየቅበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ግድግዳው ረጅም ነው። ከግድግዳው ውጭ ያለው ልጅ አስፋልት ላይ፣ በመኪና መካከል ይጫወታል። ጥበቃውን፣ የጉዳት ኃላፊነቱን፣ የውሃውን ወጪ አስባለሁ። የሰፈሩ ወላጆች ተራ ይግቡ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ወጪውን ይጋሩ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ዛሬ አገር ውስጥም ሆነ አሜሪካ ጥሩ ኑሮ የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ወላጆችም የሚቀጥለው ምዝገባ ላይ ስለ ክፍያና ስለ እንግሊዝኛ ከጠየቃችሁ በኋላ ሁለት ነገር ጨምሩ። ሜዳው የት እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። የ12ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ስንት የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዳላቸው፣ ፈተና ሲደርስስ ይታጠፍ እንደሆነ ዳይሬክተሩን በግልጽ ጠይቁ። ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሯጭ ሲቀበሉ የትምህርት ቤት ምዝገባውን አብረው ይጠይቁ፣ ክፍያውንም ይሸፍኑለት። ከክለብ በጀት አንጻር ቀላል ገንዘብ ነው፤ ለልጁ ግን ጉልበቱ በከዳው ቀን የሚተርፈው እሱ ነው።