አንዱ ሰርቨር ሲሞት ሌላው ለምን ይደርቃል?

ወገን፣ ዛሬስ ልናገር። አንጀቴ አርሯል።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ሲስተሙ ቆሟል» አለኝ ተረኛው። ሁለት ሰርቨሮች አሉን፤ አንድ ስቶሬጅ ይጋራሉ፤ ፋይል ሲስተሙ ብዙ ሰርቨሮች አንድ ዲስክ በአንዴ እንዲጠቀሙ የሚያደርገው ጂኤፍኤስ2 ነው። ሲገዛ «አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል» ተብሎልን ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ አቃጠለው። ሌላው ግን ደህና በርቷል። ገብቼ የፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ኤልኤስ ብዬ ጻፍኩ። ዝም። 10 ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አሁንም ዝም። ፕሮሰሱን በኪል 9፣ ማለትም በግድ በሚያስቆመው ትእዛዝ፣ ልገድለው ብል እንቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂኤፍኤስ2 ብቻውን አይሠራም። ሁለት ማሽኖች አንድ ዲስክ ላይ ሲጽፉ የማን ተራ እንደሆነ የሚቆጣጠረው ዲኤልኤም ነው። ዲኤልኤም ደግሞ ማን በሕይወት እንዳለ የሚሰማው ማሽኖቹን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ከኮሮሲንክ ነው። የአንዱ ድምፅ ሲጠፋ የሰርቨሮቹን ጥምረት የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ፔስሜከር፣ ያንን ማሽን አስገድዶ ማጥፋት አለበት። ፌንሲንግ የሚባለው ይኸው ነው። መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ሎክ፣ ማለትም ፋይሎቹን የመንካት ፈቃድ፣ የሚባል አይሰጥም። በዚህ አልከፋም፤ ዳታችንን ያተረፈው እሱ ነው። ዝም ያለው ማሽን ሞቶ ይሁን ኔትወርክ ተቋርጦበት አሁንም እየጻፈ፣ በምን ይታወቃል?

የኛ ፌንሲንግ አይፒኤምአይ ብቻ ነበር። አይፒኤምአይ ሰርቨርን ከሩቅ ማጥፊያና ማብሪያ መንገድ ነው፤ የሚሠራው እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ባለች ቺፕ ነው። ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከዚያው ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱ ሲቃጠል እሷም አብራ ሄደች። ፔስሜከር ቺፗን «ሰርቨሩን አጥፊው» ይላታል፣ መልስ የለም። እንደገና ይሞክራል፣ መልስ የለም። ደህናው ሰርቨር ደግሞ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

የሚያበግነኝ ችግሩ የታወቀ መሆኑ ነው። ጂኤፍኤስ2 አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሊነክስ ከርነል ጋር የተቀላቀለው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ሁለተኛ ፌንሲንግ ያስፈልጋል ብዬ ስንቴ ጻፍኩ! በኔትወርክ የሚታዘዝ ፒዲዩ፣ ማለትም ለሰርቨሮቹ መብራት የሚያከፋፍል ሶኬት፣ ይገዛልን አልኩ። እሱ ከተወደደ ስቶሬጁ ራሱ የጠፋውን ማሽን እንዲያግደው እናድርግ አልኩ፤ ስቶሬጁ ከቻለ ለዚህ ሌላ ዕቃ አይገዛም። «እየሠራ ያለ ነገር አትነካኩ» ተባልኩ። ሌላ ቦታማ ማስጠንቀቂያው ሰለቸን ብለው ስቶኒትን፣ ማለትም የፔስሜከርን ፌንሲንግ፣ ጭራሽ ያጠፉ አይቻለሁ። ኧረ በፈጣሪ! የሰው መረጃ እኮ ነው።

በዚያ ሌሊት መኪና አስነስቼ ሄድኩ። የተቃጠለውን ሰርቨር ገመድ በእጄ ነቀልኩ። ከዚያ «መጥፋቱን አረጋግጫለሁ» የሚለውን ትእዛዝ ለፔስሜከር ሰጠሁ። ወዲያው ኤልኤሱ ፋይሎቹን ዘረገፈ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የቆመው ለዚህች አንዲት መልስ ነበር።

የፒዲዩውን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ አስገብቻለሁ።