ጫካ ገባሁ

ባለፈው ሚያዝያ እናቴ ጋ ደወልኩና «ዛሬ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ጠመንጃ ይዘን ጫካ ገብተን ዋልን» አልኳት። ስልኩ ጸጥ አለ።

«እዚያም ተጀመረ እንዴ?» አለች ቆይታ።

ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ ሀገር «ጫካ ገባ» ከተባለ ሰውየው ቆቅ ሊያድን እንዳልሄደ እያወቅኩ እንዲህ አይወራም። ተርኪ ልናድን እንደሆነ ሳስረዳት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ።

«ተርኪ ምንድን ነው?»

«ዶሮ በይው። ትልቅ የዱር ዶሮ።»

«ለዶሮ ነው ጠመንጃ?»

እኔም በልቤ እንደሷ ነበር የምለው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባልደረባዬ ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ፈረንጅ ነው፤ አብረን የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እንጠግናለን። ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ አይወስድም። ኤፕሪል ሲገባ ግን ይጠፋል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የሚደብቀው በሽታ ያለበት መስሎኝ ነበር። ለካ የጸደይ ተርኪ አደን በኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ ተከፍቶ ሜይ አጋማሽ ላይ ስለሚዘጋ ነው። እኛ ፋሲካን ከምንጠብቀው በላይ ነው የሚጠብቃት።

ወጪውን ሳሰላው ራሴን ነበር የያዝኩት። የአደን ፈቃድ 23 ዶላር፣ ለአጋዘንና ለተርኪ ደግሞ ሌላ 23። ሾትጋኑ፣ ጥይቱ፣ ነዳጁ፣ ከእግር እስከ ራስ ቅጠል የሚመስለው ልብስ አለ። ታንክስጊቪንግ የሚሉት፣ ተርኪ የሚበላበት በዓል ሲደርስ ሱፐርማርኬቶች ተርኪ በነጻ ሊሰጡህ ምንም አይቀራቸውም እኮ። «ለምን አትገዛም?» አልኩት አንድ ቀን። ሳይቀየመኝ «እንግዲያው ቅዳሜ ና» አለኝ።

ሄድኩ። ገና ከመኪናው ሳልወርድ ልብሴን ፈተሸኝ፣ እስከ ካልሲዬ ድረስ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ክልክል ነው። በጸደይ የአውራው ተርኪ ራስና አንገት እነዚህን ሦስት ቀለሞች ይይዛል። ቁጥቋጦ ውስጥ ቀይ ነገር ብልጭ ካለ ሌላ አዳኝ ወፍ መስሎት ሊተኩስብህ ይችላል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ኮፍያዬን መኪና ውስጥ ተውኩ። «ታዲያ የእናንተም ባንዲራ ጫካ አይገባም ማለት ነው?» ስለው ሳቀ። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1784 እ.ኤ.አ. ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ የሀገሪቱ ምልክት ከሆነው ንስር ይልቅ ተርኪ የተከበረ ወፍ ነው ብሎ እንደነበር የነገረኝም ያኔ ነው።

እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ነን። ሌሊቱ ገና አልነጋም። አንድ ትልቅ ዛፍ ተደግፈን ተቀመጥን። እሱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ጉጉት ጮኸ። ከማዶ፣ ከቆጡ ላይ «ጉልጉልጉል» የሚል ድምፅ መለሰ። ወፉ ተናዶ ነው የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር ጸጉሬ ቆመ።

ሲነጋጋ ደግሞ ከኪሱ ትንሽ የእንጨት ሳጥን አወጣና ክዳኑን ይፈትገው ጀመር። ልክ የሴቷ ድምፅ ነው። ዘዴው እዚህ ላይ ነው። በተርኪ ወግ አውራው ቆሞ ይጣራል፣ ሴቷ ትመጣለች። አዳኙ ሴት መስሎ ይጣራና አውራው እንዲመጣ ይጠብቃል። በእኛ ሀገር ሙሽራው ነው ወደ ሙሽሪት ቤት የሚሄደው። ሰውዬው የኛን ሥርዓት ሊያስለምደው ነው የሚታገለው ማለት ነው። ወፉ ግን ወግ አጥባቂ ነው። ከመቶ ሜትር አልቀረበም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ የኔ ብብት የቅዳሜ የትርፍ ሰዓት ሥራዬ ነበር።

ለስድስት ሰዓት ያህል ሳንንቀሳቀስ ተቀመጥን። እግሬ ደነዘዘ። መዥገር አንገቴ ላይ ወጣች። ቀትር ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ድምፁ ቀረበ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ልቤ መታ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ልክ ቀትር ሲሆን ጥይቱን አውጥቶ ተነሣ።

«ምን ሆንክ? እየመጣ እኮ ነው!»

«ለዛሬ በቃ» አለኝ። በቨርጂኒያ በመጀመሪያዎቹ የአደን ሳምንታት ከቀትር በኋላ አይተኮስም። ከሰዓት ሴቶቹ እንቁላላቸው ላይ ስለሚሆኑ መረበሽ የለባቸውም አለኝ። አካባቢው ላይ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ካሜራ አልነበረም።

በመንገድ ላይ ቀሪውን ነገረኝ። በጸደይ የሚገደለው ደረቱ ላይ ጢም ያለው ብቻ ነው፣ ይኸውም ከጥቂት ጢማም ሴቶች በቀር አውራው ነው። በቀን ከአንድ አይበልጥም። ቀኑ ራሱ የተቆረጠው አብዛኞቹ ሴቶች ከአውራው ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። አውራው ቢሞትም ጫጩቶቹ መንገድ ላይ ናቸው። አባትዬውን ነው የሚገድሉት፤ እናትየዋን አይነኳትም።

ይሄን ሰምቶ «ፈረንጅ ሲፈጥረውም እንዲህ ነው» የሚል ሰው አላጣም። እንዲያ አይደለም። እነዚሁ ሰዎች ናቸው ደኑን መንጥረው፣ ወፉን በጥይት እየለቀሙ ገበያ እያወጡ ሊጨርሱት የደረሱት። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከብዙ ግዛቶች ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ሰማይ ያጨልም የነበረው የእነሱ የዱር እርግብ አልተረፈም፤ የመጨረሻዋ በ1914 እ.ኤ.አ. ሲንሲናቲ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ሞተች። ከዚያ በኋላ ነው የነቁት። በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት እንዲውል ተደረገ። ግቢ ውስጥ ያረቡትን ወፍ ለቀቁ፤ ጫካውን አልቻለውም። በ1951 እ.ኤ.አ. ሳውዝ ካሮላይና ላይ በመድፍ መሳይ ነገር መረብ ተኩሰው የዱሩን ከነነፍሱ ያዙ፣ እየጫኑም ወፍ ወደሌለበት ወሰዱት። ዛሬ ቁጥሩ ስድስት ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል። ያ ሽማግሌ አንድ ፓኮ ጥይት በገዛ ቁጥር ለወፉ ይከፍላል። ገዳይም ቀላቢም እሱ ነው።

ከሳምንት በኋላ ቀንቶት ነበርና የሥጋ ድርሻ አመጣልኝ። ባለቤቴ በር ላይ አስቆመችኝ። «ማን ባረከው?» በስመ አብ ሳይባል በጥይት የሞተ ዶሮ ቤቷ አይገባም። ያውም በሁዳዴ! ጎረቤቴ ለሆነው ፔሩዊ ሰጠሁት።

ስለዚህ እኔ ወደ ዓሣው ዞርኩ። ሐበሻም የሚበዛው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ፖቶማክ ዳር ፍሌቸርስ ኮቭ የሚባል ቦታ አለ፤ የቀዘፋ ጀልባ ያከራያሉ። ኤፕሪል ላይ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከአትላንቲክ ተነሥቶ ሊወልድ ወደ ላይ ይወጣል። ጾሙና ዓሣው አብረው ነው የሚመጡት። አንዱ «በሁዳዴ ዓሣ አይበላም» ይላል፣ ሌላው «ደም የለው፣ ምን አለበት» ይላል፤ ክርክሩ መንጠቆው ከተጣለበት ሰዓት በላይ ይረዝማል።

የሚገርመው ክርክሩ ከንቱ መሆኑ ነው። ሻድ ይዘህ ቤት አትወስድም። መልቀቅ ግዴታ ነው፣ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1772 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ወንዝ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስግሯል። እኔ ዛሬ አንዲት ሻድ አይፈቀድልኝም። እዚያው ወንዝ ውስጥ ደግሞ ስኔክሄድ የሚሉት ከእስያ የመጣ ዓሣ አለ። እሱን ልውሰድ ካልክ እዚያው መግደል አለብህ፤ በሕይወት ይዞ መሄድ ወንጀል ነው። አንዱን ካልለቀቅክ ትቀጣለህ፣ አንዱን ሳትገድል ከወሰድክ ትቀጣለህ።

የመጀመሪያዋን ሻድ ስይዝ ሆዷ ተነፍቶ ነበር። እንቁላል ነው። እጄ ላይ ስትንፈራገጥ የጉማራ ወንዝ ትዝ አለኝ።

ያደግኩት ፎገራ ነው። ክረምት ሲገባ ጉማራ ይሞላል፣ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ከጣና ተነሥቶ ሊወልድ ሽቅብ ይመጣል። ጣና ውስጥ የትም ዓለም የሌሉ 15 ያህል የቢልጫ ዘር አሉ፤ ከፊሎቹ ለመውለድ ወንዝ መግባት አለባቸው። እኛስ? ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንጠብቃቸዋለን። መረብ የሌለው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበትናል፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። እኔ ቅርጫት ተሸካሚ ነበርኩ። ሆዷ ተቀዶ እንቁላል ሲገኝባት እልል ነው የምንለው፣ ትርፍ መስሎን። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ዓሣ በሚገኝበት ሰሞን ዓሣ እንይዛለን፣ በቃ። ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ወንዙ ዳር ግን አዋጅ ያነበበ ሰው አላየሁም። ሥራ ያጣ ወጣት በርካሽ የናይሎን መረብ ነው ያየሁት። ያንን ልጅ ከእኔ ባልደረባ ጋር ማወዳደር ደግሞ ግፍ ነው። ሽማግሌው ወፉ ባይመጣ ራቱን በርገር ይበላል። ልጁ መረቡን ባዶ ካወጣ ጦሙን ነው የሚያድረው።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ዓሣ እንደያዝኩ ስነግራት ደስ አላት።

«ጎሽ! ጠበስከው?»

«ለቀቅኳት።»

«አመለጠችህ?»

«ኧረ፣ ራሴ ነኝ የለቀቅኳት። ሕጉ ነው።»

«ታዲያ የማትበላትን ለምን ወጋሃት? ነውር አይደለም በነፍስ መጫወት?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። መንጠቆው አፏን ሲቀደው አይቻለሁ፤ ፎቶም ተነሥቻለሁ። ጨዋታ ለመቀየር የዘንድሮ ቢልጫ እንዴት ነው አልኳት።

«የምን ቢልጫ? ገበያ የሚወጣው እኮ ጣት የሚያህል ነው። ለቀመስ እንኳ አይሆንም።» ትንሽ ዝም አለች። «ያንተዋ ምን ታህል ነበር?»

«ክንዴን ታክላለች። እንቁላል ነበራት።»

«ክንድህን?»

«አዎ።»

«ይሄን እንዳትነግራቸው አክስቶችህን» አለችኝ።